አርባ አንድ ሴኮንድ ስለቆጠቡልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የቦርድ ሰብሳቢያችን፣
የዘመናችንን ክላሲካል ሙዚቃ ለሚያሳትመው በጎ አድራጎት ድርጅታችን የበላይ ጠባቂ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን ተሻለዎት? ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮዎ ደኅና ነው? እኔ ካለፈው ወር ንዴት በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስልዎ የኖርኩ ሴት ዛሬ በድንገት «እርስዎ» ማለቴ ቢያስደነግጥዎ አይፍረዱብኝ፤ «አንተ» የምለውን ጓደኛዬን ፈልጌ ስላጣሁት ነው ደብዳቤውን በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ላገኘሁዎ ለእርስዎ የጻፍኩት። በአደባባይ ያደረግሁትም በምስጢር የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ሥራ በዝቶብዎ እንጂ ንቀውኝ እንዳልሆነ ጸሐፊዎ ሦስቴ ነግራኛለች፣ እግዜር ይስጣት።

የማያውቁን አንባቢዎች ግራ እንዳይገባቸው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ድርጅታችን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ደረጃውን የምንጋራው ከጥርስ ሐኪም ጋር ስለሆነ ጉንጩን ይዞ የሚወጣ ሰው ሲመጣ የእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ወዲያው እናውቃለን። አድማጮቻችን ተጠራርተው ቢመጡ በሁለት አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ ያውም ወንበር ይተርፋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እርስዎና እኔ ስንመሠርተው የመተዳደሪያ ደንቡን አንደኛ አንቀጽ በገዛ እጅዎ የጻፉት እንዲህ ብለው ነበር፦ ሌላ ማንም የማያሳትመውን ሥራ፣ ደራሲው በጻፈው መልክ፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናሳትማለን። ዘንድሮ ያሳተምነው ሁለታችንንም ፒያኖ ያስተማሩንን መምህራችንን ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጽፈው ጽፈው በመሳቢያ ከመቆለፍ በቀር አንድም ቀን ተቀርጾላቸው አያውቅም። ለፒያኖና ለቼሎ የጻፉት ይህ ሥራ የመጀመሪያቸው ነው፤ የልብ ሐኪማቸው ፊት ላይ እንዳነበብኩት ከሆነ የመጨረሻቸውም ነው። በሁለተኛው ክፍል መሐል ላይ የአርባ አንድ ሴኮንድ ዝምታ አለ። ይቅርታ፣ ነበረ ማለቴ ነው፤ ሲዲው ታትሞ ሲወጣ ተቆርጧል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ እርማቱ እጅ እነሣለሁ። ከቢሮዎ በወጣው ማስታወሻ ላይ «በሁለተኛው ክፍል አጋማሽ የታየው የድምፅ መቋረጥ ታርሟል» የሚለውን ሳነብ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ወልውያለሁ። መምህራችን ኖታው ላይ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም፣ ለሁለቱም ተጫዋቾች፣ ዝምታው ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ጽፈው ከሥሩ «እንዳትነኩት» ብለው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ቦታው ባዶም አልነበረም። የፒያኖው ፔዳል እንደተረገጠ ስለሚቆይ ክሮቹ ቀስ እያሉ ሲከስሙ ይሰማሉ፤ የቼሎ ተጫዋቿ ትንፋሽ ይሰማል፤ ጣሪያው ላይ የምትንጎራደድ አንዲት እርግብም ሳይከፈላት አብራ ተጫውታለች። ትርጉሙን ስንጠይቃቸው መምህራችን ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «እዚያ ጋ ሰው አረፍ ይላል፣ በቃ» ነበር ያሉን። ለካስ ማረፍ ያልፈለጉ ሰው ኖረዋል! የሚደግፈን ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የሙከራ ቅጂውን መኪናቸው ውስጥ ሲሰሙ ማጫወቻው የተበላሸ መስሏቸው፣ ዳር ይዘው ቆመው፣ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው እንደደበደቡት ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ እንግልት በሌላ ወገናችን ላይ እንዳይደርስ ብለው ፈጥነው መቀስ ማንሣትዎ ርኅራኄዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፤ ይህን ሁሉ ያደረጉት ሳያውቁ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውም አያስፈልግም ነበር፤ አላዋቂን ማን ይቀየማል? እርስዎ ግን ቀረጻው ላይ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ የስብሰባ አዳራሹን ለምነን፣ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ የጥበቃው ክፍል ማቀዝቀዣ ስለሚያጉረመርም ከሶኬቱ ነቅለነው ነበር። ተነቅሎ እንዳይረሳና የሰውዬው ምሳ እንዳይበላሽ ብለው የቤትዎን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ ቁልፉን ፍለጋ ሲሄድ ማቀዝቀዣውን የማይሰካ ሰው የለም ብለው። ይህን ብልሃትዎን እስከ ዛሬ ለሰው ስተርከው በኩራት ነው። ከፒያኖ ተጫዋቹ ጎን ተቀምጠው የኖታውን ገጽ ይገልጡ የነበሩትም እርስዎ ነበሩ። ዝምታው ላይ ስንደርስ ጫማዎ ሲጥ አለ። ደገምን፤ ሲጥ አለ። ሦስተኛም አራተኛም ቀረጻ በዚሁ ጫማ ተበላሸ፤ በመጨረሻ አውልቀው በካልሲ ቀሩ፤ የግራው ካልሲ አውራ ጣት በኩል ተቀዶ ስለነበር የቼሎ ተጫዋቿ ሳቋን ለመዋጥ ያየችው አበሳ አይነገርም። በአምስተኛው ግን ትንፋሽዎን ውጠው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ አርባ አንዱን ሴኮንድ ከእኛ ጋር ቆጠሩ። ሲያልቅም ዓይንዎ እንባ አቅርሮ «ይሄን የሚነካ እጁ ይቆረጥ!» አሉ። ስድስት ሰው ሰምቶዎታል። እጅዎ ግን፣ ተመስገን፣ ደኅና ነው፤ ቁረጡት ብለው ያሳረፉት ፊርማም እንደ ድሮው ያምራል።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ከሁሉ ይከብደኛልና እንዳያቋርጡኝ እለምናለሁ። እህቴ ዳሌዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ሳስታምማት ቦርዱ ማክሰኞ ጠዋት ያለ እኔ ተሰብስቦ ዝምታው እንዲቆረጥ ወሰነ። በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። እህቴ መብላት ጀመረች ወይ ብለው ጠየቁ፤ የሐኪሟ ጠባይ እንዴት ነው አሉ፤ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ የት እንደሚገኝ ሳይቀር አስረዱኝ። «አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ፣ የቢሮውን ለእኛ ተይው» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ አወራን፤ ስለ ጠዋቱ ስብሰባ ትንፍሽ አላሉም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፣ ምን ዓይነት ጓደኛ ነው የሰጠኝ ብዬ። በስብሰባው ፊት ለፊት ቢቃወሙኝ፣ ቢጮሁብኝ፣ ከፈለጉም ድምፅ አሰጥተው ቢያሸንፉኝ እንዲህ አልቆስልም ነበር። ከድተውኛል። ሌላ ለስላሳ ቃል ፈልጌለት ነበር፣ አጣሁ። እህቴ አሁንም ክራንቿን ይዛ ስትራመድ «ያ ደጉ ጓደኛሽ ደኅና ነው?» ትለኛለች። ደኅና ነው እላታለሁ።

አራተኛ፤ ከሲዲው ጋር በወጣው ትንሽ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ «አርትዖት» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ስሜን በደማቁ አትመውልኛል። ለሃያ ሁለት ዓመት ስሜ በጉንዳን ልክ ሲጻፍ አንድም ቀን አላማረርኩም፤ ያልሠራሁትን ስሠራ ግን ማዕረግ ተጨመረልኝ። የቆረጡት እርስዎ፣ የቆረጥኩት እኔ። ቦታ ጠቦ ይሆናል የእርስዎ ስም የቀረው።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ስለ አዲሱ ሽፋንና በላዩ ስለተሳለው የፀሐይ መግቢያ ብዙ የምለው ነበረኝ። ተውኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ አልሆነልኝም።

እኔ ለመምህራችን ማተሚያ ቤቱ ዘግይቷል እያልኩ እዋሻቸው ነበር። ነገሩን ከእርስዎ ጋር ተነጋግረን፣ ሲዲው ተስተካክሎ፣ እሳቸው ምንም ሳያውቁ ያልፋል ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ ቸር አይደሉ? የተቆረጠውን ሲዲ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው፣ ሪባን አስረው፣ በቢሮው መልእክተኛ ላኩላቸው። ቅዳሜ እንደ ልማዴ ልጠይቃቸው ስሄድ ከጎሚስታው ፊት ለፊት ባለችው ክፍላቸው፣ ኖታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እርሳስ ይዘው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው አገኘኋቸው። «ብቻዬን እንዳልሰማው ብዬ ጠበቅሁሽ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ክፍል መሐሉ ላይ ሲደርስ ሊቆጥሩ እርሳሱን ብድግ አደረጉ፤ አንድ ሳይሉ ፒያኖው ገባ። እርሳሱ አየር ላይ ቀረ። እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ትንሿን መጽሐፍ ገልጠው የመጨረሻውን ገጽ አነበቡ፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና በዚያ በማይቆጣ ድምፃቸው «ልጄ፣ የቸኮልሽበት ነገር ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በስድሳ ዓመቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ያውም ባላጠፋሁት። ከቦርሳዬ ኮምፒውተሬን አውጥቼ ያልተቆረጠውን ቀረጻ ከፈትኩላቸው። ጎሚስታው መዶሻውን የሚያሳርፍበት ሰዓት ሆኖ ነው መሰለኝ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። እርሳሱን አነሡ፣ አርባ አንዱን ቆጠሩ፣ አወረዱ። ጉንጬን ዳበስ አድርገው «አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

እንግዲህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሊበተን የተዘጋጀው ሲዲ ከመላኩ በፊት ይሰብሰብ፤ ተማሪ የሚያውቀው የተቆረጠውን ከሆነ ሌላው ጠፋ ማለት ነው። በስልክ የሚደመጠውም ይውረድ። ሥራው እንደተጻፈ በድጋሚ ይታተም፤ ስሜም ካልሠራሁት ሥራ ላይ ይነሣ። ይህም ሁሉ መምህራችን በሕይወት ሳሉ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የመታሰቢያ እትም ብለው፣ ከንፈር መጠው፣ ንግግር አድርገው የሚያወጡት ነገር ለእሳቸው ምናቸው ነው? ያልተቆረጠውን ቅጂ «የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመልሱ» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በጣም በአክብሮት የተጻፈ ነው፤ አልመልስም። ከሥራዬም አልለቅም። ደንቡን አንድ ሰው ካረቀቀው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሊያከብረው ይገባል ብዬ ነው።

ለላቀው አመራርዎ፣ ለፈጣኑ መቀስዎና ለሃያ ደቂቃው የስልክ ጥሪ ያለኝን የማይነጥፍ ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ከሁሉም በላይ ያደረጉትን የማይረሳ አእምሮ እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ተባባሪ መሥራች፣ የቀረጻ ኃላፊ፣
በመጽሐፉ መሠረት ደግሞ ቆራጭ።

ተጨማሪ፦ ከመምህራችን ቤት ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኝተውኝ አንድ ነገር ለመኑኝ። የተቆረጠውን መስማታቸውን ለእርስዎ እንዳልነግርዎ ነው። «ካወቀ ያፍራል፣ አትንገሪው» አሉኝ። እኔም በማፈርዎ በኩል ምንም ሥጋት እንዳይገባቸው አረጋግጬላቸዋለሁ።