ባቡሩ አጋሮ ደረሰ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1962

ቃል የሚገባው እሱ፣ የምሠራው እኔ! ባለቤቴ ከበደ ለልጃችን ለሰናይት «እግርሽ ተሰብሮ ድሬዳዋ ሄደሽ ባቡር መሳፈር ካልቻልሽ፣ ባቡሩ አንቺ ጋ ይመጣል» አላት። ከሄርማታ ገበያ በቁልፍ የሚሞላ የቆርቆሮ ባቡር ገዛላትና ቡና ሊገዛ አጋሮ ሄደ። ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሏል። ዛሬ ሳጥኑን ከፈትነው። ሐዲዱ ቢገጣጠም ከሰፌድ አይበልጥም፤ ወለል ላይ ሲዞር ከአልጋዋ ሆና አይታያትም። ልጄ ገና ስምንት ዓመቷ ነው፣ እግሯ በጀሶ ታስሯል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «አባባ ዋሸኝ» አለች።

ቁጭ ብዬ ለባቡሩ የሳንቃ መንገድ ነደፍኩ። መንገዱ በአልጋዋ ቁመት ልክ ክፍሉን ይዞራል፦ ከራስጌዋ ተነሥቶ በመስኮቱ ሥር፣ በቁም ሣጥኑ ፊት፣ ከዚያ በሩን በድልድይ ተሻግሮ ተመልሶ ራስጌዋ።

ማክሰኞ

አናጢው አባ ቢያ መጣ። ሐዲዱ ለዚህ ሁሉ አይበቃም፤ ሳንቃው ላይ ለመንኮራኩሮቹ ሁለት ቀጫጭን ቦይ ፈልፍልልኝ አልኩት። «ቶሌ፣ እሺ እትዬ። ለበርጩማ አበባ የምፈለፍል ሰው ይሄ ያቅተኛል? ኢንሻ አላህ ለነገ።» የበሩ ሳንቃ የሚነሣ ይሁን ብያለሁ፤ አለዚያ እንዴት እንገባለን?

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። የቤት አያያዝ አስተማሪ አይደለሁ፣ የመጋረጃ ቀለበት ይመስል ሚስማሮቹን እኩል እኩል ለክቼ አስመታኋቸው። የጭቃ ግድግዳ መሆኑን፣ ሚስማር የሚይዘውም ውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ብቻ መሆኑን ረስቼ! ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ሳንቃ ከነጭቃው ተገነደሰ። ለጥቂት እግሯን ሳተ። ደንግጬ ተቀመጥኩ።

ሰናይት ግን ሣቀች። ለካ ተኝታ ስትሰለች ግድግዳውን ስታንኳኳ ነው የከረመችው። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው። እዚህ ጋ ቋሚ አለ፤ ስሚው!» የሌላውን ግድግዳ ቋሚ እንዴት ታግኝ? አዘልኳት። ከነጀሶዋ! ማማሰያ ይዛ በጀርባዬ ላይ ሆና ክፍሉን ዞረን አንኳኳን፤ እሷ «እዚህ!» ስትል እኔ በልብስ ስፌት ጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ወገቤ ተቆርጧል። እንዲህ የሣቅንበትን ቀን አላስታውስም።

ሐሙስ

ሳንቃው ቆመ። ተንጠለጠልኩበት፤ ንቅንቅ የለም!

ባቡሩን ሞላሁት። በመስኮቱ ሥር እልል አሰኘኝ። ቁም ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ደከመና ቆመ። የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት፤ እዚያው። እስከ ጥግ ሞላሁት፤ እዚያው። ማልቀስ አማረኝ።

«አልቆመም እኮ» አለች ሰናይት። «አጋሮ ደርሶ ነው። አባባ ቡና ይጭንበታል።»

እኔ ልሙላው ብላት አይሆንም አለች። «አባባ ራሱ ነው የሚሞላው። ከመጣ።»

ዓርብ

ባቡሩ አጋሮ እንደቆመ ነው። የቡና ወቅት ነው፤ ከበደ እመለሳለሁ ባለበት ቀን ተመልሶ አያውቅም። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። እባክህ አምላኬ፣ ነገ እንኳ አታሳፍረኝ።

ቅዳሜ

መጣ! በምሳ ሰዓት፣ አቧራ ለብሶ። ዘው ሊል ሲል «ቁም! ድልድይ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ያ ግዙፍ ሰው በእንብርክኩ ከሳንቃው ሥር ገባ።

«የአጋሮ ጣቢያ ሹም አንተ ነህ። ሙላው።»

ከኪሱ የቡና ፍሬ አውጥቶ ፉርጎዎቹ ላይ አንድ በአንድ ጫነ። ቁልፉን እስከ ጥግ አዞረ። ባቡሩ ተነሣ፣ በሩን ተሻገረ፣ ትራሷ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«መጣ! እኔ ጋ መጣ! አባባ አልዋሸኝም!»

ከበደ በራሷ ላይ አሻግሮ አየኝ። እንደ አጥፊ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ኮራሁ።

አሁን ሁለቱም እየተጫወቱ ነው። ጀሶው ሲፈታ ድሬዳዋ እወስድሻለሁ ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ይቺን እንኳ ራሱ ይወጣት፤ ድሬዳዋን በሳንቃ አልሠራለትም።