አሥራ ስድስቱ ፈሪ አይጦች

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለማልጠግብህ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ እናትህም ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ተሽሏቸው ትናንት ደረጃውን ብቻቸውን ወርደዋል፤ ለመውጣት ግን እኔን አስጠርተዋል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። «ስመጣ እሠራዋለሁ» ስላልክ ማንንም አላስነካሁትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያ የጥር ደብዳቤህ አራት ገጽ ነበር። በአራቱ ገጽ ውስጥ «እሷ» የሚል ቃል አሥራ አንድ ጊዜ አለ፤ እርሳስ ይዤ ነው የቆጠርኩት። አብራህ የምትሠራው ልጅ መርፌ ስትወጋ አይጧ እንኳ አይታወቃትም፣ እጇ ቀላል ነው ብለህ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈህላታል። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ እጀ ቀላሏ ብያታለሁ። ለመሆኑ አይጥ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረህ ማን ነበር? በፎጣ ጠቅልለህ ይዘህ ስትንቀጠቀጥ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስትነከስ፣ ጣትህን በአልኮል የጠረገልህ የማን እጅ ነው? ስለዚያ እጅ አንድ መስመር ጽፈህ አታውቅም። ቀንቻለሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ ቆሽቴ እስኪያር ቀንቻለሁ።

ስለዚህ የእናንተን ሙከራ እዚህ ስደግመው የእኔ አይጦች ሲፈሩ ደስ አለኝ። የምታውቀውን መልሼ የምነግርህ ጥፋቴ ቁልጭ ብሎ እንዲታይህ ነው። ፋርማሲስታችን «ሀ» እና «ለ» የሚል ምልክት ያደረገባቸውን ጠርሙሶች ይሰጠኛል። አንዱ መድኃኒት ነው፣ አንዱ የጨው ውሃ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነግረኝም። እወጋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ አይጦቹን አንድ በአንድ ሰፊው ክፍት ሣጥን ውስጥ እለቃቸዋለሁ። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ፍርሃትን የሚያበርዱት ተቀባዮች ላይ እንደ ቁልፍ በቀዳዳው ከተቀመጠ፣ አይጧ ግድግዳውን ትታ ወደ መሃል ትወጣለች። ካልተቀመጠ ግድግዳ ታክካ ትቀራለች። እናንተ ዘንድ መድኃኒቱን የወሰዱት የእጀ ቀላሏ አይጦች መሃል ሜዳው ላይ ይንሸራሸራሉ። የእኔ አሥራ ስድስቱ ግን «ሀ» የወሰዱትም «ለ» የወሰዱትም ጥግ ይዘው ከመንቀጥቀጥ በቀር ምንም የላቸውም።

«እርግጠኛ ነሽ?» ብለህ ጻፍክልኝ። «እንደ ስሜ» አልኩህ። ይህ ሳይበቃኝ «ቁጥሩን ከራሷ ፈጥራው ይሆናል» ብዬ ጨመርኩበት። አንተ የዋሁ ደብዳቤዬን ለኃላፊህ አሳየኸው። እሱም ልጅቷ የቁጥሩን ልዩነት እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስረዳች ትሰናበታለች ማለቱን ነገርከኝ። አልዋሽህም፣ ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ ነው የበላሁት።

ጉዴን ያወጡት የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ናቸው። ባለፈው ሐሙስ የአይጦቹን ክፍል ሲያጸዱ ገባሁባቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ መጥረጊያቸውን ተደግፈው፣ «እኔ ስገባ እኮ ሲጫወቱ ነው የማገኛቸው። ልክ አንቺ በሩን ስትከፍቺ ጥግ ጥጋቸውን ይይዛሉ።»

«ምን አደረግኳቸው?»

«እኔ ምን አውቄልሽ! ይሄ ጋዋን ግን ያንቺ ነው? እጅጌው ጣትሽን ውጦታል እኮ።»

ክው አልኩ። ያንተ ጋዋን ነው። በሩ ጀርባ ሰቅለኸው ከሄድክ ጀምሮ የምለብሰው እሱን ነው፤ አንድም ቀን አላጠብኩትም። ሽታው እንዳይለቅ ከሥራ ስወጣ ፌስታል ውስጥ አስሬ አኖረዋለሁ። የወንድ ሽታ አይጥን እንደሚያስጨንቅ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያም የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። አንተ እንኳ እዚህ ስትሠራ እስኪለምዱህ ድረስ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ነበር የምትጀምረው።

አርብ የራሴን ጋዋን ለብሼ፣ ገና ባልተነኩ አሥር አይጦች ሙከራውን ደገምኩት። አምስቱ ወደ መሃል ወጡ። ፋርማሲስቱ ምልክቱን ሲፈታልኝ አምስቱም መድኃኒት የወሰዱት ናቸው። የእጀ ቀላሏ ቁጥር ልክ ነበር።

ቅዳሜና እሁድ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። እትዬ ምን እንደተናገሩ እንኳ አያውቁም። ዝም ብል ልጅቷ ትሄዳለች፤ አንተም በደብዳቤህ «እሷ» የምትላት አትኖርም። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ ክፉ ሴት ብትለኝ አልቀየምህም። ሰኞ ጠዋት ግን ለኃላፊህ ደወልኩ። የወንድ ሽታ ያለበት ልብስ ለብሼ ስለሠራሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የልጅቷ ሥራ ትክክል ነው አልኩት። በጽሑፍም ፈርሜ ልኬለታለሁ። አሥራ ስድስቱ አይጦች ከጥናቱ ይወጣሉ፤ ስሜም አብሮ ሳይወጣ አይቀርም። የእጄን ነው ያገኘሁት።

የማን ልብስ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ለምን ሳላጥበው እንዳቆየሁትም አልጠየቀኝም። አንተም አትጠይቀኝ።

ነገሩ ሲጠራላት ደስ ይላታል። እንኳን ደስ አለሽ በላት፤ ግን በሩቁ ይሁን።

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ፤ እጅህን ከንክሻ፣ ልብህን ከሰው አገር ብርድ ይጠብቅልኝ። እናትህ ሁለቱንም ጉንጭህን ስመውልሃል።

ሚስትህ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ይቅርታዬን አንተ አታድርስልኝ። ስሟን ያጠፋሁት በጽሑፍ ስለሆነ በጽሑፍ ነው የምክሳት። በመሥሪያ ቤት በኩል ከላክሁት ደግሞ ሰው ይከፍተዋል። ስለዚህ የቤቷን አድራሻ ላክልኝ። ካንተ አድራሻ የተለየ ከሆነ ማለቴ ነው።