ያላጠፋሁት ወንበር

ውድ ለሊሳ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ መሆኔን እንጃ። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ተቀምጬ መጨረስ አቅቶኝ፣ አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር በር ድረስ ሄጄ ወደ ጳውሎስ የሚሄዱትን ታክሲዎች አይቼ እመለሳለሁ። «አዳማ ነይና አብረን እንሥራ፤ እዚህ የፎቶና የቪዲዮ ፕሮግራሞቹ ሙሉው ፓኬጅ በሕጋዊ ፈቃድ ተገዝቷል፣ ማንም አይዘጋብሽም» ላልከኝ በስልክ መመለስ ከብዶኛል። መልሴን ከመንገሬ በፊት ግን ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርህ። ያን ቀን ስደውልልህ የሰማኸው ግማሹን ብቻ ነው።

የሽሮ ሜዳዋን ሃናን፣ የጋሽ መሸሻን ልጅ፣ አትረሳትም መቼም። እዚህ ሱቅ አብረን ስንሠራ የጥሪ ካርዷን የሠራህላት አንተ ነህ። ሠርጉ ሲቃረብ አባቷ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ይራዘም ሲባል ጋሽ መሸሻ እምቢ አሉ፤ «በእኔ የተነሳ የልጄ ሠርግ አይስተጓጎልም» ብለው። እሳቸው በሌሉበት ተዳረች፤ ቀረጻው የእኔ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ እናቷ እትዬ ብርቅነሽ ወደ ቪዲዮ ሱቃችን መጡ። የጋሽ መሸሻ ኦፕራሲዮን ሐሙስ ሊሆን ተቀጥሯል፤ ከዚያ በፊት ሠርጉን ልይ ብለዋል።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ ልጄ» አሉኝ። «ከሙሽሮቹ ጎን ባዶ ወንበር አለ አይደል? የእሱ ቦታ ነው። ሲያየው ሆድ ይብሰዋል፤ አጥፊልኝ።»

«አያስቡ እትዬ» አልኳቸው።

ለእኔና ለአንተ ይሄ ምን ይከብዳል? ሁሉ ነገር በአንድ ፓኬጅ ነው፤ የፎቶው፣ የዲዛይኑ፣ የቪዲዮው፣ የኢፌክቱ። አንዱ ላይ የጀመርከውን ሌላው ላይ ትጨርሰዋለህ። ወንበሩን ከየምስሉ ፍቄ በቦታው አበባ አቆምኩ። ብታየው አንተ ራስህ አትለየውም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት፣ ኤክስፖርት አድርጌ ያለቀውን ቪዲዮ ላወጣ ስከፍተው፣ ፕሮግራሙ ፈቃድ የለም ብሎኝ ተዘጋ። ሌላውን ነካሁ፣ እሱም እንደዚያው። አብረው እንደመጡ አብረው ሄዱ። ያው ታውቃለህ፣ ክራክ ነው፤ ሳንከፍል የጫንነው። እንግዛው ብንል እንኳ የውጭ ካርድ ከየት እናመጣለን? እንደገና ልጭነው ብዬ ታገልኩ፤ አልሆነም። ያኔ ነው የደወልኩልህ። «ፋይሉን ላኪልኝ፣ እኔ ጨርሼ እሰድልሻለሁ» አልከኝ። ጀምሬው ነበር። በእኛ ኔትወርክ የሠርግ ቀረጻ መላክ ግን እንጦጦን በእንፉቅቅ እንደመውጣት ነው። ተውኩት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልነገርኩህም። በነጻ የሚገኝ አንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ አወረድኩ። የሠራሁትን አይከፍትም፤ ከጥሬው ቀረጻ እንደ አዲስ ጀመርኩ። እጄ የለመደው ቁልፍ ሁሉ ቦታውን ቀይሯል፤ የሰው ቤት ገብቼ ማንኪያ የምፈልግ መሰለኝ። የቻልኩት መቁረጥና መቀጠል ብቻ ነው። ቀለሙን አላስተካከልኩ፣ ሙዚቃ አልጨመርኩ፤ እልልታውም ጫጫታውም እንዳለ ቀረ። ወንበሩም ሳይጠፋ ቀረ። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ላፕቶፑን አቅፌ ወደ ሆስፒታሉ ሮጥኩ።

እትዬ ብርቅነሽ ከክፍሉ ውጭ ቆመው ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፕሮግራሙ ተዘጋብኝ፣ ወንበሩን ማጥፋት አልቻልኩም።»

ፊታቸው ጠቆረ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። «ምንም ሳያይ ከሚገባ፣ ይየው።»

ጋሽ መሸሻ ከስተዋል። ሃና ትራሳቸውን ከፍ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እኔ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። የጎረቤቶቻቸውን ድምፅ ሲሰሙ እየሳቁ በየስማቸው ጠሯቸው። ልቤ ግን አላረፈም፤ ወንበሩ የሚመጣበትን ቦታ አውቀዋለሁና። መጣ። እትዬ ብርቅነሽ ክንዴን ጨመቁኝ።

«አቁሚው እስቲ ልጄ» አሉ ጋሽ መሸሻ።

አቆምኩት። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ለካ ወንበሩ ባዶ አልነበረም፤ መደገፊያው ላይ ጋቢ አለ። ከየምስሉ ስፍቀው ውዬ ጋቢ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም ነበር።

«ይሄ የእኔ ጋቢ ነው?»

«የአንተ ነው አባዬ» አለች ሃና። «ሰው እንዳይቀመጥበት ብዬ ከቤት ይዤው ሄድኩ። ሲደክመኝ እሱን እያየሁ ነው የዋልኩት።»

ጋሽ መሸሻ ስክሪኑ ላይ ጋቢውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «እንግዲያው ነበርኩ» አሉ።

«ነበርክ» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፣ ክንዴን ለቀቅ አድርገው።

«ከመጀመሪያው መልሺልኝ» አሉኝ ጋሽ መሸሻ፤ መለስኩላቸው።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለፈ። ትናንት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ቤቴ ልሂድ እያሉ ከነርሷ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልኩም። የድሮ ሥራዎቻችንን እየከፈትኩ ያለሰለስነውን ፊት፣ በሙዚቃ የሸፈንነውን ወሬ አያለሁ። ይህን ያህል ያማረ ሥራ እኮ ነው። ግን አንድ ሰው ተነስቶ «ያ የእኔ ነበር፣ የት አደረሳችሁት?» ቢለኝ የምመልሰው የለኝም። አንተ ቢሮ መጥቼ ሙሉው ፓኬጅ ቢሰጠኝ፣ በማግስቱ ወንበር ማጥፋት እጀምራለሁ ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ እዚህ ብቀርስ? በአዲሱ ፕሮግራም እየተደናበርኩ፣ ደንበኛ እየቸኮለብኝ፣ ካንተ ባዶ ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት? ይሄን ሳስብ እንደገና ተነስቼ በር ድረስ እሄዳለሁ።

ለማንኛውም መልሴ ይኸው። ለሥራው አልመጣም። አዲሱን እየተማርኩ፣ የእጄን ፍጥነት እዚሁ ሱቅ ውስጥ እመልሰዋለሁ።

ግን ለሊሳ፣ አንተ ስትሄድ ደህና ሁኚ ያልከኝ ዓይንህን ከስክሪኑ ሳታነሳ ነው። እኔም የምሠራው ያለኝ መስዬ ኪቦርዱን እየነካካሁ ሸኘሁህ። ከዚያ ወዲህ በስልክ የምናወራው ስለ ፋይልና ስለ ፈቃድ ብቻ ሆነ። ይሄ የጻፍኩበት ጉዳይ አይደለም፤ ቢሆንም የማያስቀምጠኝ እሱ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ላገኝህ አዳማ እገባለሁ። ላፕቶፕ አልይዝም። አንተም ቢሮ እንገናኝ እንዳትለኝ።

እስከዚያ ሰላም ዋልልኝ፤

ሳሌም
ጉለሌ