ከጸሐፊዎ ራስጌ ስለሰቀሉት ደወል

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተመቻቸ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎችዎ የረዘመ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ዛሬ ጸሐፊዎ የሆነችው ልጄ በምትቀመጥበት ክፍል እስከ ጡረታዬ ድረስ የጽሕፈት መኪና መትቻለሁ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ጽፌአለሁ፤ አንድ ፊደል ስቼ ገጹን እንዳለ ደግሜአለሁ፤ እናቴን በቀበርኩ ማግስት ሥራዬ ላይ ተገኝቻለሁ፤ አለቃ ሲቆጣኝ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንድም ቀን አላጉረመረምኩም። ይህ አቤቱታ የመጀመሪያዬ ነውና ጉድለት ቢገኝበት በልምድ ማነስ ይታለፍልኝ።

ለልጄ የሰጧትን የሥራ አፈጻጸም ምዘና በአድናቆት አንብቤአለሁ። «ጥንቃቄ የጎደላት፣ ጫና መቋቋም የማትችል» ብለው፣ ከእንግዲህ አንድ ስሕተት ብትደግም እንደምትሰናበት አስታውቀዋታል። ስለ ግልጽነትዎ እያመሰገንኩ ጥቂት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሥራ ሥነ ሥርዓት የሚያትተውን ደብዳቤ በቃል እየነገሩ ሲያስጽፏት፣ በመሐሉ ስልክ ያነጋግሩ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቀና ያላለችው ልጄም ከአፍዎ የወጣውን ሁሉ በመጻፏ፣ «የለም በላት፣ መስክ ወጥቷል በላት» የሚል መመሪያ በሁለተኛው አንቀጽ ገብቶ ለቅርንጫፎች ሁሉ ደርሷል። ሳያነቡ ያኖሩበት ፊርማ ግን እጅግ ያማረ ነበር።

፪. ከራስጌዋ ያሰቀሉት ደወል የሚጠራት፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለውን መነጽር እንድታቀብልዎ ነው። ሮጣ ስትመለስ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ይጠፋባታል፤ ይህም በምዘናው «ዝግተኛ» ተብሎ ተመዝግቦላታል።

፫. ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ የልጅ ልጄ ብርጭቆ በማንኪያ ብትመታ፣ እናቷ «አቤት» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሕፃኗ ጨዋታ መስሏት ደግማ መታች። ከዚያ በኋላ ምሳውን የቀመሰ የለም።

ችሎ ዝም ማለትን ልጄ ከእኔ ተምራለች፤ እርሱን ግን አላወርሳትም። ከመንገድ ዳር ያለችውን የፊት ክፍሌን ከነጠረጴዛዋና ከነቁልፏ ለልጄ አስረክቤአታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ማመልከቻ ለሚያስጽፍ ሁሉ ክፍት ናት። ደወል የላትም፤ ባለጉዳይ በእጁ ያንኳኳል።

ቆሞ መስማት የበቃውና ይህን ተቀምጦ የጻፈልዎ፣
የጸሐፊዎ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጄ የሥራ መልቀቂያ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከመፈረምዎ በፊት ቢያነቡት መልካም ነው። መነጽርዎ ጠረጴዛዎ ላይ ነው።