ድምፅህ ደሴ የቀረ ዕለት

ጌቾዬ፣

ከተለየኸን አራተኛው ክረምት አለፈ። የጨርቅ ሱቃችን ደሴ አራዳ ላይ እንዳለ ነው። ያኔ "ብቻዋን አትችለውም፣ ትሸጠዋለች" ያሉት ሁሉ ዛሬ መጋረጃ የሚገዙት ከእኔ ነው። ጣሪያውን ቀይሬያለሁ። ኮምፒውተርም ገዝቻለሁ፤ ብታየኝ ትስቅ ነበር።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ሳራችን አገባች። ሰርጉ ኮምቦልቻ፣ በሙሽራው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ፎቶዎችህን በኮምፒውተር ደርድሬ፣ በፕሮጀክተር እየተቀያየሩ ሲታዩ መዝሙርህ አብሮ እንዲሰማ አሰብኩ። ያ ሳሎን ቁጭ ብለህ በጊታር የዘመርከው፣ በካሴት የቀዳነው፤ አሁን ኮምፒውተር ላይ አስገልብጬዋለሁ። ታላቅ ወንድምህ ጋሽ በቀለ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። "ፎቶውስ ይሁን፤ በሰርግ ላይ የሞተ ሰው ድምፅ ይሰማል እንዴ? ልጅቷን ልታስለቅሻት ነው?" አሉኝ። አባት እንደሌላት አስመስዬ አልድራትም አልኳቸው።

የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ያዘጋጀሁትን በፍላሽ ዲስክ ገልብጬ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፎቶህ መጣ፤ ድምፅህ የለም። ጋሽ በቀለ ከኋላዬ ቆመው "ይኸው፣ እግዚአብሔርም ዝም አሰኘው" አሉ። እግዚአብሔር ፍላሽ ሲነካካ አይውልም፣ ጋሼ፣ ብያቸው ወጣሁ።

ታውቀኛለህ፤ እቃ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደተጫነ አጣራለሁ እንጂ ከሾፌር ጋር አልጣላም። ሚኒባስ ይዤ ደሴ ተመለስኩ። በሱቁ ኮምፒውተር ስከፍተው መዝሙርህ ይሰማል። መዝሙሩን ካስቀመጥኩበት አንስቼ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ቦታ አደረግኩና ደግሜ ሞከርኩ፤ እዚያም ዝም አለ። ያኔ ገባኝ። ፎቶዎቹ የያዙት መዝሙሩን ሳይሆን መዝሙሩ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው። ለካ ፊትህን ጭኜ፣ ድምፅህን ደሴ ትቼው ነበር የወረድኩት! ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ከተትኩ፤ መዝሙሩን ከዚያው እንደ አዲስ አስገባሁት፤ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጬ ኮምቦልቻ ተመለስኩ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ድምፅህ ወጣ። ጋሽ በቀለ ከወዲያ ማዶ በእጃቸው ቀንሺው አሉኝ። ጨመርኩት። ዘንግተኸው ይሆናል፤ መሃል ላይ "ሳርዬ፣ ነይ አንቺም ዘምሪ" ብለህ ትጠራታለህ። ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ሙሽራዋ አላለቀሰችም። ቬሏን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ተነሳችና አብራህ ዘመረች። አዳራሹም ተከተላት። ጋሽ በቀለ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሱም፤ እኔም ይቅርታ አልጠበቅኩም።

ይህን የጻፍኩልህ የየቀኑን ውሎዬን በምጽፍበት ደብተር ላይ ነው። ፎልደሩ በሱቁም፣ በሳራ ቤትም ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ሁለቱንም ራሴ ከፍቼ ሰምቻለሁ። የልጅ ልጅህ ሲመጣ ማን እንደሆንክ ከአንተው አፍ ይሰማል። ዝም ይበል የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ፎቶህ ያለ ድምፅህ የትም አይሄድም።

ያንተው አልማዝ