ሳልተረጉም ያስቀረሁት

ውድ ተዋበች፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ፦ ብርቄ ዘንድ ሄጃለሁ። ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ የሄድኩት ግን ገና ባለፈው ሐሙስ ነው። ሌላውን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ የባሕሩ ነፋስ ይደርሰኛል። ጎረቤታችን ሐዋ ዓርብ ዓርብ ሳምቡሳ ትልክልኛለች። ጾሜን ከእኔ በላይ ታስባለች፤ የልጆቿን በሥጋ፣ የእኔን በምስር ትሞላለች። መነጽርሽ ካስቀመጥሽው ቦታ አልተነሳም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታውቂዋለሽ፤ ግን አንድም ቀን ሙሉውን ስላልተናገርኩት እዚህ ልጻፈው። የሀብታሞች ሰፈር ሀራሙስ በሚገኘው የፈረንሳዮቹ ቪላ ልጃቸውን አስጠና በነበረበት ጊዜ የእመቤቲቱ አምባር ጠፋ። ምግብ የምታበስልላቸው ብርቄ ተጠረጠረች። ፈረንሳይኛ ስለማታውቅ እኔ በአስተርጓሚነት ቆምኩ። ብርቄ ሁለት ነገር ተናገረች፦ እኔ አልወሰድኩም፤ ልጃቸው ከመሳቢያው ሲያወጣው አይቻለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ተረጎምኩ። መኖሪያ ፈቃዳችንን ለማሳደስ የእነሱ ፊርማ ያስፈልገን ነበርና ፈራሁ። ተማሪ አራት ነጥብ ቢረሳ ደብተሩን የምመልስ ሰው የአንዲትን ሴት እውነት ከመሃል ቆርጬ አስቀረሁ። የዚያኑ ቀን አሰናበቷት።

ቤት ገብቼ ስነግርሽ አልተቆጣሽኝም። «ነገ ሄደህ የቀረውን ጨርስ» ብቻ አልሽኝ። ያ ነገ ሦስት ዓመት ሆነ። ብርቄ የድሆች ሰፈር አርሂባ ገብታ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ መሸጥ ጀመረች፤ እኔም በዚያ መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ለመድኩ።

በዘንድሮው ጾም ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ስግደቱ ይቅርብህ፣ በእግርህ ሂድ አሉኝ። መጀመሪያ ሀራሙስ ሄድኩ። ቤተሰቡ አገር ለቋል፤ አዲሱ ዘበኛ ስማቸውን እንኳ አያውቅም። እዚያ የማርመው ነገር አልተረፈልኝም፤ ይህንን ላቃልለው አልፈልግም።

ከዚያ ወደ አርሂባ አለፍኩ። ሾፌሮቹ ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል፤ እኔም ተሰለፍኩ። ከኋላዬ የቆመው «አባባ፣ ሽሮው አልቋል፤ ለሩዝ ከሆነ ይቁሙ» አለኝ። ተራዬ ሲደርስ ይቅርታዬን ጽፌ ሦስት ጊዜ ያረምኩትን ወረቀት አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ብርቄ ጭልፋዋን አስቀመጠች።

«ይተዉት መምህር። እትዬ ተዋበች ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ይመጡ ነበር። ስለ እርስዎ ይቅርታ ጠይቀውኝ፣ ይቅር ብያለሁ። ‹ራሱ ይመጣል፤ ሲመጣ እንዳታሳፍሪው› ብለውኛል። ዘገዩ እንጂ። ለመሆኑ ምሳ በልተዋል?»

ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ሄደሽ ባዶ ዘንቢል ይዘሽ ስትመለሺ፣ ጥሩ ቲማቲም የለም ትዪኝ ነበር። አምኜሽ ነበር።

ሩዙን በላሁ። ምሕረት ከንስሐ በኋላ እንደሚመጣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። እኔ ስደርስ ግን ቀድሞኝ መጥቶ፣ ከጭልፋው ጀርባ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ደፋር ሆንኩ አልልም፤ ድፍረቱ የሚያስፈልገው ያኔ፣ እዚያ ቪላ ሳሎን ውስጥ ነበር። ያን ቀን ያጎደልኩትን የሞላችው ብርቄ ናት፣ አንቺም ነሽ፣ ከሁለታችሁም በፊት ደግሞ እግዚአብሔር ነው።

ዘንቢልሽን ከምስማሩ አውርጄዋለሁ። ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ለብርቄ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዤበት እሄዳለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር አስብሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ራሱ ይመጣል ያልሻት እርግጠኛ ሆነሽ ነው ወይስ ተስፋ አድርገሽ? በሕልምም ቢሆን፣ እንደ ልማድሽ በአጭሩ፣ ቶሎ መልሺልኝ።