ክምሩ የጠራበት ፎቶ

ውድ ወንድሜ እንግዳው፣

ሰላምታውን ለእማዬ ትቼላታለሁ፤ እሷ ታበዛልሃለች። እኔ የምጽፍልህ ስለተጸየፍሁህ ነው። ቃሉ ከከበደብህ ሌላ ፈልጌ አጥቼ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ከአጠገቤ አትርቅም፤ አንተም በስልክ ትስቃለህ፣ ሳቅህን ስሰማ የምለው ይጠፋብኛል። ወረቀት ላይ አትስቅብኝም።

የላክህልኝን የድምፅ መልእክት እስከ መጨረሻው የሰማሁት ወረታ፣ ጋሽ ባየህ ፎቶ ቤት ቆሜ ነው። «እታለም፣ ጋሽ ባየህ ሱቁን ሊዘጉ ነው አሉ፤ ከአሮጌዎቹ የፊልም ካሜራዎች አንዷን ምረጭልኝ። ትንሿን፣ ኪስ የምትገባውን፣ ራሷ የምታነጣጥረውን» ይላል መጀመሪያው። ይህን ያህሉን ቤት ሰምቼ፣ ወንድም ነህና ታዘዝሁ። ከቁሐር ጭቃውን እያቦካሁ ባጃጅ እስከሚገኝበት በእግሬ ወጣሁ።

ጋሽ ባየህ ካርቶናቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉልኝ። የአንዷ ሌንስ የክረምት ዳቦ ይመስል ሻግቷል። የሌላዋ ባትሪ ቤት ዝጎ አረንጓዴ ነገር ተፍቷል፤ ነክቼው ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁ። ሦስተኛዋ ጥቁር፣ የሳሙና ቁራጭ የምታህል፣ ንጹሕ ናት። ባትሪ ሲገባላት ዓይኗን ከፈተች። ይቺ ትሆነዋለች ብዬ ደስ እንዳለኝ አልደብቅህም። ከዚያ ድምፅህን ቀጠልሁ።

«ስትመርጪ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አቁመሽ ሞክሪያት። እንዲህ ዓይነቷ ካሜራ ሞኝ ናት፣ መሀል መሀሉን ነው የምታየው። ሰዎቹን ትታ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ታልፍና ከኋላ ያለውን ታጠራለች። አንዱን ፊት መሀል አድርገሽ፣ ቁልፉን በግማሽ ተጭነሽ ትይዢና መልሰሽ ሁለቱንም ታስገቢያለሽ። እኔ እንኳ አንድ ጊዜ ተሸውጄባታለሁ» አልህና ሳቅህ።

ያቺን አንድ ጊዜ እኔም አውቃታለሁ።

ታኅሣሥ ነበር። ሩዙ ተወቅቶ ገለባው ከቤታችን ጓሮ ተከምሯል። አባዬ ፎቶ እንደማይወድ ታውቃለህ፤ ስልክ ሲነሣበት ጋቢውን ፊቱ ላይ የሚስብ ሰው ነው። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችውንም ማኅተሙ ግማሽ ፊቱን ወስዶበታል። አንተ ግን አግባባኸው። «አባዬ፣ ነገ ስታርፍ ምን ይዘን እናልቅስልህ?» አልኸው።

«ለለቅሶዬ ከሆነማ ልልበስ» ብሎ ገብቶ በርኖሱን ደርቦ ወጣ። ከክምሩ ፊት እማዬን ከጎኑ አቆምሃት። እኔ ስልኬን ሳወጣ እጄን ገፋህ፤ «ስልክ ነፍስ የለውም፣ ፊልም ነው ነፍስ ያለው» አልህ። እማዬ በርኖሱ ትከሻው ላይ ስለተንሻፈፈ በእጇ ነካ አድርጋ አቃናችለትና እጇን ሰበሰበች። በያኔዋ የኪስ ካሜራህ ቀጭ አደረግኸው። ድገመው ስልህ ፊልም አይባክንም አልኸኝ። ፊልሙ ገና አላለቀም ብለህ ሳታሳጥበው ይዘኸው አዲስ አበባ ገባህ። አባዬ ግንቦት ላይ አረፈ።

አርባው ቀን ትዝ ይልሃል? አክስታችን እናኑ ታማ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ከአንበሳሜ የመጣችው ያን ቀን ነው። ዘግይቶ የደረሰ ዘመድ እንደ አዲስ ያለቅሳል፣ የሟቹን ፎቶ ታቅፎ። አንተም አሳድገህ፣ በመስታወት አስገብተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ሰጠሃት። «ወንድምዬ፣ ጋሻዬ» ብላ ጀመረች። ጨርቁን ገለጠች። አየችው። አራቃ ደግማ አየችው።

«ይኸ ማነው? ዓይኑ የታል?» አለች።

ፎቶው ላይ ከኋላ ያለው የገለባ ክምር እያንዳንዱ ሰበዝ ይቆጠራል። አባዬና እማዬ ከፊቱ የጭስ ያህል ናቸው። እናኑ ወንድሟን ልታለቅስ መጥታ ክምር ታቅፋ ቆመች። ለቅሶው ቀጥ አለ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። እማዬ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቅህ ሳታፍር «አባዬ ተንቀሳቅሶ ነው» አልህ። ሰው ሙት ወቃሽ አትሁን ይባባላል፤ አንተ በተዝካሩ ቀን የገዛ አባትህን ወቀስህ።

እሱስ ቢሆን ሙት አይሰማም። እማዬ ግን ሰማች። «እኔ ነኝ፤ በርኖሱን ላቃና ብዬ ነካሁት። እኔ ነኝ ያንቀሳቀስሁት» አለች። ይህን ስትል አጠገቧ ነበርህ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አንተ የራስህን እከክ በአብዬ ላከክህ፣ ከእሱ ተርፎ እምዬ ላይ ሲደርስ እያየህ ሻይህን ጠጣህ። ሰንብተህ ደግሞ ያንኑ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኸው፤ «ብዥታው ራሱ ትዝታ ነው» ብለህ። ጥልቅ ነው ያሉህን ሰዎች አንብቤአለሁ። ያን ጊዜ አላዋቂነት ነው ብዬ አልፌህ ነበር። ለካስ ካሜራዋ በመካከላቸው አልፋ ክምሩን እንዳጠራች ታውቃለህ። ሱቁ ውስጥ ድምፅህን መልሼ ሰማሁት፤ ሳቅህ ያው ነው።

እማዬ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። ሚካኤል ደጅ ላገኘችው ሁሉ «እጄ ይቆረጥ፣ በእጄ ነው ያጠፋሁት» ትላለች። ባለፈው ሸማዬ ተጣሞ ልታቃናልኝ እጇን ዘርግታ መለሰችው።

ትንሿን ካሜራ ከነፊልሟ ገዝቼ ተመለስሁ። እማዬን አንድ ላንሣሽ አልኋት። እምቢ ትላለች ስል ነጭ ለብሳ ወጣች፤ ጓሮ፣ ያው ቦታ ላይ ቆመች። ወደ መሀል ጠጋ በይ ብላት አልጠጋም አለች፤ የአባዬን ቦታ ክፍት ትታለታለች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ወስዳ ያዘቻቸው።

«በይ አንሺ ልጄ፤ እጄን ይዤዋለሁ፣ አሁን አላበላሽብሽም» አለችኝ።

ባስተማርኸኝ መንገድ አነሣኋት። ፊቷን መሀል አደረግሁ፣ ቁልፉን በግማሽ ይዤ መልሼ የአባዬን ቦታ አስገባሁ። ይበላሽ አይበላሽ አላውቅም።

እውነቱን አልነገርኋትም። ብነግራት አንተን ጠልቼ የፈጠርሁት ይመስላታል፤ በአንተ ክፉ አትሰማም። ከአንተ አፍ ካልሆነ አይገባትም። ካሜራህ ጥሩ ናት፣ መርጬልሃለሁ፤ የአባዬ በርኖስ የተሰቀለበት ችንካር ላይ ናት። በአውቶቡስ አልልካትም። ራስህ ና። ከመቀመጥህ በፊት «አባዬ አልተንቀሳቀሰም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» በላት። ከዚያ ካሜራዋን ከነፊልሟ ውሰድ፣ አሳጥበው። ፎቶው ሲወጣ የእማዬን እጆች ፈልግ። አታገኛቸውም፤ ከኋላዋ ይዛቸዋለች።

እስክትመጣ በግድ እኅትህ የሆንሁ፣
ሰገን
ቁሐር ሚካኤል